ወጣቶቹ ከሄዱ በኋላ ጣራው ያፈሳል ወይ?

በየዓመቱ ሰኔና ሐምሌ ላይ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን የጫኑ መኪኖች ከየግዛቱ ተነስተው ወደ አፓላችያ ተራሮች ያመራሉ፡፡ በመኪኖቹ ውስጥ መዶሻ፣ ሜትር፣ የሥራ ጓንት፣ በአየር የሚነፋ ፍራሽና መጽሐፍ ቅዱስ ተጭኗል፡፡ ተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ናቸው፡፡ የሚሄዱት ለሽርሽር አይደለም፤ በየአደባባዩ ቆመው ለመስበክም አይደለም፡፡ የማያውቁትን ሰው ቤት ለአንድ ሳምንት ሊጠግኑ ነው፡፡

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ይህ «የተልዕኮ ጉዞ» ይባላል፡፡ ልማዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አስቆጥሯል፡፡ በጎ ሥራ መሆኑን የሚጠራጠር ጥቂት ነው፡፡ ጥያቄው ሌላ ነው፡፡ ምስማር መትቶ የማያውቅ የ15 ዓመት ልጅ በአምስት ቀን ውስጥ የሰው ቤት መጠገን ይችላል? ወጣቶቹ ዘምረውና ፎቶግራፍ ተነስተው ከተመለሱ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ጣራው ያፈሳል ወይስ አያፈስም? ይህ ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ፣ የሚሳካው ምን ሲሟላ እንደሆነና የሚበላሸው የት ላይ እንደሆነ ለማሳየት ይሞክራል፡፡

ከድንጋይ ከሰሉ በኋላ የቀሩ ቤቶች

አፓላችያ በምሥራቅ አሜሪካ የ13 ግዛቶችን መሬት የሚነካ ሰፊ ተራራማ ክልል ነው፡፡ ዌስት ቨርጂኒያ ሙሉ በሙሉ በውስጡ ትገኛለች፡፡ ምሥራቃዊ ኬንተኪ፣ ምሥራቃዊ ቴነሲና ደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያም የዚሁ አካል ናቸው፡፡ የአካባቢው ኑሮ ለረጅም ጊዜ የቆመው በድንጋይ ከሰል ላይ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1923 በመላው አሜሪካ ከ800 ሺህ በላይ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ነበሩ፡፡ ማሽን የሰውን ጉልበት ሲተካ፣ በኋላም ጋዝና ሌሎች የኃይል ምንጮች የከሰሉን ገበያ ሲሻሙ ቁጥሩ ዛሬ ከ50 ሺህ በታች ወርዷል፡፡

ኩባንያዎቹ ለሠራተኞቻቸው በችኮላ የሠሯቸው የእንጨት ቤቶች ለነዋሪው ተሸጡ፤ ሥራው ግን አልቀረለትም፡፡ ቤት ለመሥራት ያልቻለው ደግሞ «ተጎታች ቤት» የሚባለውን፣ በፋብሪካ ተሠርቶ በመኪና ተጎትቶ የሚመጣውን ገዛ፡፡ ለእነዚህ ተጎታች ቤቶች የፌዴራሉ መንግሥት የጥራት ደረጃ ያወጣው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1976 ነው፡፡ ከዚያ በፊት የተሠሩት ግድግዳቸው ስስ፣ ብርድ መከላከያቸው ጥቂት ነው፡፡ የብዙዎቹ ወለል እንጨት ተፈጭቶና ተጨምቆ ከሚሠራው ችፕውድ የተሠራ በመሆኑ ውሃ ከነካው እንደ ራሰ ዳቦ አብጦ ይፈርሳል፡፡

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በጥር 1964 በድህነት ላይ ጦርነት ካወጁ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወደ ምሥራቃዊ ኬንተኪ ሄደው ኢኔዝ በተባለች ከተማ አካባቢ ሥራ ያጣ አባወራ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ተነጋግረው ነበር፡፡ የዚያ በረንዳ ፎቶግራፍ አፓላችያን ለቀሪው አሜሪካ የድህነት ምልክት አደረጋት፡፡ የአካባቢው ሰዎች ግን እስከዛሬ ይህን ስም አይወዱትም፡፡ የሚመጣው ሁሉ ካሜራ ይዞ የሚመጣ፣ አዝኖ የሚሄድ ነውና፡፡

አንድ ቄስና አራት ቤቶች

የዛሬው የወጣቶች የጥገና ጉዞ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፡፡ «ቴክስ» በሚል ቅጽል የሚታወቁት የሜቶዲስት ቄስ ግሌን ኢቫንስ በኬንተኪ ተራሮች ውስጥ ፍሬክስ በተባለች መንደር የሚገኝ የቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ተቋም ይመሩ ስለነበር የቤቶቹን ሁኔታ ከቅርብ ያውቁት ነበር፡፡ በዚያ በጋ 50 ያህል ወጣቶችና አዋቂዎች ሰብስበው ኬንተኪ ውስጥ ባርበርቪል ላይ አራት ቤቶች አስጠገኑ፡፡ ይህ ጅምር አፓላችያ ሰርቪስ ፕሮጀክት የተባለውን ድርጅት ወለደ፡፡ ድርጅቱ ዛሬ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በቴነሲዋ ጆንሰን ሲቲ ሲሆን፣ ዓላማውንም ቤቶችን የበለጠ ሞቃት፣ የበለጠ አስተማማኝና የበለጠ ደረቅ ማድረግ ብሎ በሦስት ቃላት ይገልጸዋል፡፡

ሌሎችም ተከተሉ፡፡ በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1976 የቢግ ቶምሰን ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሰው ከገደለ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት ወጣቶች ለመልሶ ግንባታ ተጠርተው ሌላ ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ተጀመረ፡፡ ሳውዘርን ባፕቲስቶችም እ.ኤ.አ. በ1990 የራሳቸውን አቋቋሙ፡፡ ከሁሉም የሚቀድመው ግን እ.ኤ.አ. በ1950 በካንሳስ የተመሠረተው የሜኖናይቶች የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ነው፡፡ እርሱ ለወጣቶች ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፡፡ የሚታወቀውም የአደጋው ወሬ ከጋዜጣ ከጠፋ በኋላ ለወራትና ለዓመታት በቦታው በመቆየት ነው፡፡

የአንድ ሳምንት ሥራ

ጉዞው የሚጀምረው ከመኪናው መነሳት ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ነው፡፡ እያንዳንዱ ተሳታፊ ክፍያ አለበት፡፡ ገንዘቡ ለምግብ፣ ለማደሪያና ለግንባታ ዕቃ ይውላል፡፡ ስለዚህ ወጣቶቹ ክረምቱንና ጸደዩን መኪና በማጠብ፣ ኬክ ጋግሮ በመሸጥ፣ ለምዕመናን እራት በማዘጋጀት ገንዘብ ያሰባስባሉ፡፡ አብረው የሚሄዱት አዋቂዎች የወንጀል ሪከርድ እንደሌለባቸው ይጣራል፡፡ አንድ አዋቂ ከልጆች ጋር ብቻውን እንዳይሆን የሚያደርግ ደንብም አለ፡፡

በዚሁ ጊዜ እዚያ ተራራው ላይ ሌላ ሥራ ይሠራል፡፡ የድርጅቱ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ለበጋው የተቀጠሩ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ እርዳታ ከጠየቁት ቤተሰቦች ቤት ለቤት እየዞሩ ይለካሉ፣ ይመዘግባሉ፡፡ የትኛው ቤት ሊጠገን ይችላል? የትኛው ከጥገና አልፏል? የትኛው ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይፈልጋል? ይህ ምርጫ ከሁሉ የሚከብደው የሥራ ክፍል ነው፡፡ የሚያመለክተው ቤተሰብ ምንጊዜም ከአቅም በላይ ነውና፡፡

እሁድ ማታ ወጣቶቹ ይደርሳሉ፡፡ ማደሪያቸው ብዙውን ጊዜ ለበጋው የተዘጋ ትምህርት ቤት ነው፡፡ በክፍሎቹና በስፖርት አዳራሹ ወለል ላይ ፍራሻቸውን ያነጥፋሉ፡፡ ሰኞ ጠዋት አምስት ያህል ወጣቶችና ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቡድን ወደ አንድ ቤት ይመደባል፡፡ እስከ ዓርብ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ማታ ማታ ጸሎት፣ መዝሙርና የዕለቱን ውሎ መነጋገር ነው፡፡

በቁጥር እናስላው፡፡ ሰባት ሰዎች በቀን ሰባት ሰዓት ለአምስት ቀን ቢሠሩ 245 የሥራ ሰዓት ይሆናል፡፡ ብዙ ይመስላል፡፡ ነገር ግን የሰኞው ግማሽ ውሃ ልክ አያያዝና እንጨት አቆራረጥ በመማር ያልፋል፡፡ ዝናብ አንድ ቀን ይወስዳል፡፡ ተሳስቶ የተቆረጠ እንጨት ሌላ ግማሽ ቀን ይበላል፡፡ ልምድ ያላቸው ሁለት አናጢዎች በጥቂት ቀናት የሚጨርሱትን ቡድኑ ሳምንቱን ሙሉ ሊታገለው ይችላል፡፡ ለዚህ ነው አንድ ቤት በአንድ ቡድን እንዲያልቅ የማይጠበቀው፡፡ የመጀመሪያው ሳምንት ቡድን የበሰበሰውን ወለል ያወጣል፤ ሁለተኛው አዲስ ተሸካሚ እንጨቶች ይዘረጋል፤ ሦስተኛው ፖሊውድ ይመታል፤ አራተኛው ቀለም ይቀባል፡፡ በመካከል የማይለወጠው ሥራውን ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚያስረክበው የድርጅቱ ሰው ነው፡፡ እርሱ ከሌለ ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያውን ሥራ እያፈረሰ ይጀምራል፡፡

መጀመሪያ ውሃውን

የቤት ጥገና ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉንም የሚወስነው ውሃ ነው፡፡ ጣራው እያፈሰሰ ግድግዳ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፡፡ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እያንጠባጠበ አዲስ ወለል መምታትም እንደዚያው፡፡ ስለዚህ በደንብ የሚመራ ቡድን ከላይ ይጀምራል፤ ጣራና አሸንዳ ይቀድማሉ፡፡ ቀጥሎ ከኮረብታው ወርዶ ከቤቱ ሥር የሚገባው ጎርፍ በቦይ እንዲዞር ይደረጋል፡፡ ከዚያ ወለል፣ ከዚያ ግድግዳና ብርድ መከላከያ፣ በመጨረሻም ቀለም ይመጣል፡፡

ችግሩ ለፎቶግራፍ የሚያምረው ቀለም መሆኑ ነው፡፡ ቤት ሥር ተንጋሎ ቦይ የቆፈረ ልጅ ለላኪዎቹ የሚያሳየው ብዙም የለውም፡፡ የተጓዦቹን ደስታ የሚያስቀድም ድርጅት ቀለሙን ይመርጣል፤ ቤቱን የሚያስቀድም ደግሞ ቦዩን፡፡ አንባቢ አንድን የጥገና ዘመቻ ለመመዘን ቢፈልግ ከዚህ የቀለለ መለኪያ አያገኝም፡፡

ለወጣቶች በጣም የሚስማማው ሥራ ለአካል ጉዳተኛ ወይም ለአዛውንት የሚሠራው ራምፕ፣ ማለትም የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ነው፡፡ በአሜሪካ የተለመደው ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፡፡ የቤቱ በር ከመሬት በሦስት ደረጃ፣ እያንዳንዱም 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጠቅላላው ከፍታ 54 ሴንቲ ሜትር ነው፡፡ ራምፑ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል ማለት ነው፡፡ ለሦስት ደረጃ! ከፍታው ከ76 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ደግሞ መሐል ላይ ማረፊያ መድረክ ያስፈልገዋል፡፡ ሥራው ጉድጓድ መቆፈር፣ ምሰሶ ማቆም፣ ሳንቃ መምታት ነው፡፡ ጉልበትና ትዕግሥት እንጂ የዓመታት ሙያ አይጠይቅም፤ በአንድ ሳምንት ሊያልቅም ይችላል፡፡ ለወራት ከቤት ያልወጡ እናት በዓርብ ከሰዓት በራሳቸው ግቢ ፀሐይ ሊሞቁ ይችላሉ፡፡

ጣራ ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች ተቀጥረው ጣራ ላይ እንዳይሠሩና ክብ መጋዝ እንዳያንቀሳቅሱ ይከለክላል፡፡ በጎ ፈቃደኛ ተቀጣሪ ባለመሆኑ ሕጉ በቀጥታ አይመለከተው ይሆናል፤ መውደቅ ግን ደመወዝ አይጠይቅም፡፡ ስለዚህ በዕድሜ ገደብ የሚያወጡና ከባዱን ለአዋቂና ለባለሙያ የሚተዉ ድርጅቶች አሉ፡፡

ቤቱ የማን ነው?

ከእንጨትና ከምስማር በፊት የሚመጣ አንድ እንቅፋት አለ፤ የባለቤትነት ወረቀት፡፡ በአፓላችያም ሆነ በደቡብ ግዛቶች ብዙ ቤትና መሬት ያለ ኑዛዜ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተላልፏል፡፡ በወረቀት ላይ ባለቤቱ የሞተው አያት ነው፤ በሕግ ደግሞ በየግዛቱ የተበተኑት ወራሾች ሁሉ ድርሻ አላቸው፡፡ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በኖሩበት ቤት የባለቤትነት ሰነድ ባለማቅረባቸው ብቻ የመንግሥት እርዳታ ያጡ ብዙዎች ነበሩ፡፡ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ ተቋም የሚቀበላቸውን ማስረጃዎች ያሰፋው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፡፡ በማግሥቱ ዓመት ሐምሌ ምሥራቃዊ ኬንተኪን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ከ40 በላይ ሰዎች ሲገድል፣ የወራሾች መሬት ጥያቄ እንደገና ተነሳ፡፡

ወረቀት የሌለው ሰው ከባንክም ብድር አያገኝም፡፡ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች መዶሻ ለብዙ ቤተሰብ የመጨረሻ አማራጭ የሚሆነው ለዚህ ነው፡፡ አስተዋይ ድርጅት ታዲያ አናጢ ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን የሚያስተካክል የሕግ ባለሙያም ያፈላልጋል፡፡ ያ ሥራ ከጣራው በላይ ሊቆይ ይችላል፡፡

ተቺዎቹ ምን ይላሉ?

የዚህ ዓይነቱን ጉዞ የሚተቹት ከውጭ ያሉ ብቻ አይደሉም፡፡ ከክርስቲያኖቹ መካከል የወጡ ጸሐፊዎች፣ ለምሳሌ ስቲቭ ኮርቤትና ብራያን ፊከርት እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሮበርት ለፕተን በ2011 ባሳተሟቸው መጻሕፍት፣ ያልታሰበበት እርዳታ ተረጂውን እንደሚጎዳ ተከራክረዋል፡፡ ሶሲዮሎጂስቱ ከርት ቨር ቢክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደመ በኋላ በሰሜን አሜሪካ በጎ ፈቃደኞች የተሠሩትን ቤቶች በአገሬው ድርጅት ብቻ ከተሠሩት ጋር አነጻጽረዋል፡፡ በባለቤቶቹ ኑሮ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም፡፡ አንዱ ቤት 2 ሺህ ዶላር ገደማ ሲፈጅ፣ አንድ ቡድን ለጉዞው የሚያወጣው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር፡፡ በተጓዦቹም ሕይወት ላይ የተገኘው ዘላቂ ለውጥ እነርሱ ራሳቸው ካሰቡት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፡፡

ይህ ትችት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፡፡ ሆኖም ሆንዱራስና ኬንተኪ አንድ አይደሉም፡፡ ከኦሃዮ ኬንተኪ የግማሽ ቀን የመኪና ጉዞ በመሆኑ የአውሮፕላን ወጪ የለም፤ ቋንቋውም አንድ ነው፡፡ በኬንተኪ ገጠር ተከፍሎት የሚመጣ አናጢ ሞልቶ፣ የድሃው ቤት ሠራተኛ አጥቶ የቀረ አይደለም፤ የሚከፍለው ስለሌለ ነው የቀረው፡፡ የወጣቶቹ ክፍያ ቆርቆሮና እንጨት ሆኖ እዚያው ከቀረ፣ በአካባቢው ሱቅም ከተገዛ፣ የቨር ቢክ ሒሳብ ይለወጣል፡፡ ካልሆነ ግን ትችቱ እንዳለ ይጸናል፡፡

ሁለተኛው ትችት ስለ ክብር ነው፡፡ የራሱን ቤት በእጁ የሠራ፣ ዕድሜውን ማዕድን ሲቆፍር የኖረ ሰው በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ልጆች ምስማር ሲያጣምሙ እንዲያይ ማድረግ ከባድ ነው፡፡ እኛ አገር ደቦ ማንንም የማያሳፍረው ለዚህ አይደለምን? ደቦ የጠራ ሰው ጠላና ምግብ አቅርቦ፣ ከሠራተኞቹ ጋር አብሮ ውሎ፣ ነገ ደግሞ የጎረቤቱን ጥሪ አክብሮ ይሄዳል፡፡ ተራው እንደሚደርስ ሁሉም ያውቃል፡፡ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ግን ብድሩ አይመለስለትም፡፡

ይህን ለማቃለል የሚሞክሩ መንገዶች አሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1976 በጆርጂያ የተመሠረተውና ከ1993 ጀምሮ በኢትዮጵያም የሠራው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ቤት የሚሠራለት ቤተሰብ የራሱን ጉልበት እንዲያዋጣ ይጠይቃል፡፡ የጥገና ቡድኖችም ባለቤቱን ሊያማክሩት፣ አቅም ካለው መዶሻውን ሊያስይዙት፣ ከሌለው የቀለሙን ዓይነትና የበሩን አቅጣጫ እርሱ እንዲወስን ሊያደርጉ ይችላሉ፡፡ በምሳ ሰዓት ከመኪናቸው ጥላ ሥር ከመሰብሰብ ይልቅ በረንዳው ላይ ከባለቤቱ ጋር መብላትም ትንሽ ነገር አይደለም፡፡ ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት መጠየቅ፣ «አይሆንም» ከተባለም መተው ነው፡፡

ለእኛስ?

በአገራችንም በየክረምቱ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ የየአጥቢያው ማኅበራትና በመንግሥት የሚጠሩ በጎ ፈቃደኞች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲጠግኑ እናያለን፡፡ የእንጨትና የጭቃ ቤት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የበሰበሰ ቋሚ ከአፓላችያው ችፕውድ ጋር ዝምድና አለው፡፡ ጠላታቸው አንድ ነው፤ ውሃ፡፡ የወረቀቱም ነገር ይመሳሰላል፡፡ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ አዛውንት ግድግዳቸውን ለማፍረስ የወረዳውን ፈቃድ ይፈልጋሉ፡፡ ፈቃዱ ሳይገኝ ቤቱ ፈርሶ ሥራው ከቆመ፣ ዝናቡ ፈቃድ አይጠብቅም፡፡

እኛ ከአሜሪካኖቹ የምንሻልበት ነገር ሩቅ አለመሄዳችን ነው፡፡ ወጣቶቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ከወር በኋላ ተመልሰው «እማማ፣ አፈሰሰ ወይ?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ፡፡ ከእነርሱ ልንማር የሚገባን ደግሞ ከዘመቻው በፊት ያለውን የመለካትና የመምረጥ ሥራ፣ ከዘመቻውም በኋላ ኃላፊነቱን የሚረከብ ሰው የመመደብን ልማድ ነው፡፡ ቤቱን ማን መረጠው? በየትኛው መስፈርት? ሥራው ሳያልቅ ሳምንቱ ቢያልቅ ማን ይጨርሰዋል? የሁለት ወር ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ ቢያፈስስ ባለቤቷ ማንን ትጠራለች? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ መዶሻ ባይነሳ ይሻላል፡፡

የ15 ዓመቱ ልጅ በአምስት ቀን አናጢ አይሆንም፤ ቤቱንም ብቻውን አያድነውም፡፡ ከእርሱ በፊት በትክክል የለካ፣ ከእርሱ በኋላ የሚቀር ሰው ካለ ግን የእርሱ 35 ሰዓት ከንቱ አትሆንም፡፡ ማረጋገጫውም በዓርብ ምሽቱ መዝሙር ውስጥ አይገኝም፡፡ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ የዚያን ቤት ጣራ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል፡፡